ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን አይሄድም፦ ሲም ልቀይር ወይስ ልጨምር?

ጥያቄው የመጣው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ከምትኖርና ከቤቷ ሆና ለውጭ አገር ድርጅት ከምትሠራ እህት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ሳሎን ውስጥ ኔትወርኩ ሙሉ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን ዙም ላይ ድምፄ ይቆራረጣል። መኝታ ቤት ስገባ ደግሞ 4ጂው ጠፍቶ ኤች (3ጂ) ይላል። ቦሌ የምትሠራ ጓደኛዬ በሌላው ኩባንያ ሲም ስፒድቴስት (የፍጥነት መለኪያ) ሠርታ 60 ሜጋቢት በሰከንድ አሳየችኝና ‹ቀይሪ› አለችኝ። በየሁለት ሳምንቱ ቡታጅራ አካባቢ ወላጆቼ ጋ እሄዳለሁ። የትኛው ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ያለሽን ሲም አትጣዪው። የሌላውን ኩባንያ ሲም (ኢትዮ ቴሌኮም ካለሽ ሳፋሪኮምን፣ ሳፋሪኮም ካለሽ ኢትዮ ቴሌኮምን) ጨምሪበትና ለክተሽ ወስኚ። ጓደኛሽ ያየችው 60 ስለ ቦሌ፣ ስለዚያች ሰዓትና ስለ እሷ ስልክ እንጂ ስለ ቱሉ ዲምቱ ምሽት የሚናገረው ነገር የለም። በዚያ ላይ አንቺ የጻፍሽው አንድ ችግር ሳይሆን ሁለት ነው። የሳሎኑ ሌላ፣ የመኝታ ቤቱ ሌላ፤ መፍትሔያቸውም አይገናኝም።

የሳሎኑ መጨናነቅ ይመስለኛል። ስልክሽ አናት ላይ የሚታዩት መስመሮች የሚነግሩሽ የታወሩ ሞገድ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚደርስሽ ብቻ ነው። ነገሩ እንደ ደብር ነው፦ ድምፅ ማጉያው ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል፤ ቅዳሴ ሲያልቅ መስቀል ለመሳለም ግን ሰልፍ ነው። አንድ የ4ጂ ታወር በአንድ አቅጣጫ፣ 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ባለው ሞገድና በተለመደው ሁለት በሁለት አንቴና፣ በወረቀት ላይ የሚሰጠው ፍጥነት 150 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ነው። ያንን ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ያሉት ብሎኮች በሙሉ ይካፈሉታል። ሰው ከሥራ ገብቶ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲከፍት የየአንዳንዱ ድርሻ ያንሳል፤ መስመሮቹ ግን አንድም አይጎድሉም። ለማረጋገጥ አንድ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ያንኑ ሲም እዚያው ሳሎን ውስጥ ለኪው። ያን ጊዜ እየሮጠ ምሽት ላይ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ስልክ ብትቀይሪ፣ አንቴና ብትገዢ፣ መስኮት ብትከፍቺ ትርጉም የለውም። የሚረዳሽ ሌላ ሰልፍ ነው፤ ማለትም የሌላው ኩባንያ ታወር። እሱም ምሽት ላይ ነጻ ከሆነ ነው።

መኝታ ቤት ያለው ደግሞ የሽፋን ችግር ነው። ብረት የገባበት ኮንክሪት፣ ብሎኬት፣ የምድር ቤትነቱ፣ ፊት ለፊት የቆመው ብሎክ፣ ሁሉም ሞገዱን እየቀነሱ ነው የሚያሳልፉት። ዝቅተኛ ሞገዶች፣ 800 እና 900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያሉት፣ ግድግዳ አልፈው ይገባሉ፤ ሩቅም ይሄዳሉ። 1800፣ 2100 እና ከዚያ በላይ ያሉት ብዙ ዳታ ቢሸከሙም ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማሉ። ፎቅ ላይ የሚሠሩ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ያ የሚያብረቀርቀው የሕንፃ መስታወት የብረት ቅብ ስላለው ከብሎኬት ሊብስ ይችላል። መስኮቱን ከፍታችሁ ለክታችሁ፣ ዘግታችሁ ደግማችሁ ለኩ።

አሁን ወደ ልኬቱ። መስመር መቁጠሩን ተይው፤ ስንት ላይ «ሙሉ» እንደሚባል እያንዳንዱ ስልክ አምራች በራሱ ነው የሚወስነው። ቁጥሩን እዪ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አባውት ፎን፣ ቀጥሎ ሲም ስታተስ ስትይ በዲቢኤም (dBm፣ የሞገዱ ኃይል መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር ታገኛለሽ። አይፎን ከሆነ *3001#12345#* ብለሽ ደውዪ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ለ4ጂ -85 ጥሩ ነው፣ -95 ያሠራል፣ -105 ላይ ችግር ይጀምራል፣ -115 ላይ ስልክሽ ወደ 3ጂ መውረድ ቢጀምር አትፍረጂበት። በየ10 ዲቢኤሙ የሚደርስሽ ኃይል በአሥር እጥፍ ይወርዳል፤ ስለዚህ የ-95 እና የ-105 ልዩነት «ትንሽ ነው» አይባልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ የ3ጂ ቁጥር ከ4ጂ ጋር አይወዳደርም። አለካኩ ስለሚለይ 3ጂ ብዙ ጊዜ የተሻለ መስሎ ይታያል። ሁለቱም ሲሞች 4ጂ ላይ እያሉ ብቻ አወዳድሪ።

ኔትወርክ ሴል ኢንፎ የሚባለውን አፕ ከጫንሽ ጥራቱን፣ ማለትም ኤስአይኤንአር (SINR) የሚለውን ቁጥርም ታያለሽ። 13 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው። ወደ ዜሮ ከወረደ ኃይሉ ጥሩ ሆኖም ሌሎች ታወሮች እየረበሹት ነው ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው።

ስፒድቴስት ስትሠሪ በመጀመሪያ ቪፒኤን አጥፊ። ቪፒኤን በርቶ ከለካሽ የለካሽው ሲሙን ሳይሆን ቪፒኤኑን ነው፤ የእኛ አገር ስልክ ላይ ደግሞ በርቶ የተረሳ ቪፒኤን ሞልቷል። ዋይፋዩንም አጥፊ፣ አፕዴት የሚያወርድ ነገር ካለ አስቁሚ። ሁለቱንም ሲም በአንድ ስልክ፣ በአንድ ወንበር ላይ ሆነሽ ለኪ። ስልክሽ ቆየት ያለ ከሆነ ሲሞቹን ቦታ እያቀያየርሽ ሞክሪ፤ በአንዳንድ አሮጌ ስልኮች ሁለተኛው የሲም ቦታ 4ጂ አይዝም፣ ጥፋቱ ግን ኩባንያው ላይ ይላከካል። ሰርቨሩን፣ ማለትም ፍጥነቱ የሚለካበትን ኮምፒውተር፣ አፑ እንዲመርጥልሽ አትተዪው። የሚመርጠው ቅርብ ያለውን፣ አንዳንዴም የሲሙን ኩባንያ ሰርቨር ነው፤ ያ ደግሞ ታወሩን እንጂ ወደ ውጭ የሚወስደውን መንገድ አይለካም። አገራችን ባሕር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የምንወጣው በዋናነት በጅቡቲና በኬንያ በኩል ነው። ሥራሽ ከውጭ ሰው ጋር ስለሆነ ናይሮቢ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ምረጪና ለሁለቱም ሲም እሱኑ ተጠቀሚ። ጠዋት፣ ቀትርና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለክተሽ መዝግቢ፤ እሑድንም ጨምሪ። መብራት የጠፋበትን ቀን ለብቻው ጻፊው፤ ያን ቀን ታወሩ በባትሪ ወይም በጀነሬተር ነው፣ ሰፈርተኛውም ከቤት ዋይፋይ ወጥቶ ሞባይል ዳታ ላይ ነው።

ወጪውንም አስቢበት። 60 ያሳየ አንድ ልኬት በ10 ሰከንድ ማውረድ ብቻ 75 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ቢት ለ8 ሲካፈል ነው ባይት የሚሆነው። ለሙከራ የቀን ጥቅል ይበቃሻል፤ የወሩን አሁን አትግዢ። ያልተገደበ የሚባለውን ስትገዢ ደግሞ ከስንት ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ እንደሚቀነስ ውሉ ላይ እዪ።

ለመሆኑ ዙም 60 ምን ያደርግለታል? ለሁለት ሰው ጥሩ ምስል ወደ ላይም ወደ ታችም 1.2 ሜጋቢት ይበቃዋል። ድምፅ ብቻ ከሆነ 80 ኪሎቢት በቂ ነው። አንቺን የሚጎዳሽ ማውረጃው ሳይሆን መጫኛው (የአንቺ ድምፅና ምስል የሚላክበት ፍጥነት)፣ የፒንጉ (ዳታው ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ) መዘግየትና የፒንጉ መዋዠቅ ነው። ፒንግ እስከ 150 ሚሊሰከንድ፣ መዋዠቁ እስከ 40 ሚሊሰከንድ፣ በመንገድ የሚጠፋው ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ከ2 በመቶ ያልበለጠ ከሆነ ጥሪው አይቆራረጥም። ስለዚህ ማታ 8 ሜጋቢት ሰጥቶ ፒንጉ የረጋ ሲም፣ 40 ሰጥቶ ፒንጉ ከሚዘል ሲም ለአንቺ ይበልጣል። መጫኛው ቶሎ የሚወድቅበትም ምክንያት አለው፦ ታወሩ በብዙ ዋት ይልካል፣ ስልክሽ ግን ቢበዛ 0.2 ዋት ብቻ ነው ያለው። መኝታ ቤት ሆነሽ ሰዎቹን ጥርት አድርገሽ እየሰማሻቸው «ድምፅሽ ጠፋ» የሚሉሽ ለዚህ ነው።

የመኝታ ቤቱ መፍትሔ ርካሽ ነው። ሲም የሚቀበል የ4ጂ ራውተር፣ ካልሆነም ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ስልክ፣ የተሻለ ቁጥር ባገኘሽበት መስኮት ላይ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪና በዋይፋይ ወደ መኝታ ቤት አስገቢው። ራውተር ስትገዢ ለአንድ ኩባንያ ሲም የተቆለፈ አለመሆኑን ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም ሲም አስገብተሽ አረጋግጪ። መርካቶ የሚሸጡትን «ኔትወርክ መሳቢያ» ሪፒተሮች ግን አልመክርሽም። በትክክል ካልተተከሉ የራሳቸውን ሞገድ መልሰው እየሰሙ ይጮኻሉ፤ የጎረቤቱንም መስመር ይረብሻሉ። እንዲህ ያለ መሣሪያ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

ለብቻው የተቀመጠ ራውተር ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ሁለት ሲም ያላቸው ስልኮች በአንዱ ሲም ጥሪ ሲመጣ በሌላው ላይ ያለውን ዳታ ያቋርጣሉ። በ07ሽ ዙም ላይ እያለሽ በ09ሽ እናትሽ ቢደውሉ ስብሰባው ይቆማል፤ አንቺም ኔትወርኩን ትወቅሻለሽ።

ወደ ቡታጅራ ለምትሄጅበት፣ ምሽት ላይ ማንም ያሸንፍ ማን፣ የኢትዮ ቴሌኮሙን መስመር ያዢ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ጀምሮ መስከረም 2015 አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ መረቡን የዘረጋው መንግሥታዊው ድርጅት ብቻውን ነበር፤ ከከተማ ወጣ ሲባል ሽፋኑ ዛሬም ሰፊ ነው። ወላጆችሽ ቤት ስትደርሺ ግን ሁለቱንም ለኪ፤ ታወሩ ከኮረብታው ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ የሚለው ከኩባንያው ስም በላይ ይወስናል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ *#*#4636#*#* ብለሽ ስልኩን «4ጂ ብቻ» ላይ ያደረግሽው ከሆነ ከመንገድ በፊት ወደ አውቶማቲክ መልሺው። በ4ጂ ላይ ጥሪ የሚያስተናግደው ቮልቲ ካልበራልሽ ስልክሽ 4ጂ እያሳየ ጥሪ አይገባልሽም።

ሁለቱም ምሽት ላይ ከወደቁ ወደ 994 (ኢትዮ ቴሌኮም) ወይም 700 (ሳፋሪኮም) ደውዪ። «ኔትወርክ ያስቸግራል» ካልሽ ስልኩን አጥፍተሽ አብሪው ይሉሻል። «ብሎክ ቁጥሬ ይህ ነው፤ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ኃይሉ -84 ነው፣ ፍጥነቱ ግን ከ1 ሜጋቢት በታች፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ 35 ይሰጣል፤ የሴል መለያው ይህ ነው» በያቸው፤ የየራስሽን ቁጥር ተክተሽ። የሴል መለያውን፣ ማለትም የታወሩን መለያ ቁጥር፣ ኔትወርክ ሴል ኢንፎ ላይ ታገኚዋለሽ። እንዲህ የተነገረ አቤቱታ ወደ ቴክኒክ ክፍል የመተላለፍ ዕድሉ ይበልጣል፤ የአቤቱታውን ቁጥር ሳትቀበዪ ስልኩን አትዝጊ።