ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ውሃ ስትጠጣ አንዳንዴ ትን ይላታል»

ጥያቄ፦ የ79 ዓመት እናቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ከገባች 3 ወሯ ነው። ስትገባ 58 ኪሎ ነበረች፤ አሁን 52 ናት። ምግቡ ቀዝቃዛ ነው፣ አይጥምም ትላለች። ውሃ ስትጠጣም አንዳንዴ ትን ይላታል። ሠራተኞቹ እርጅና ነው ይላሉ። የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ገዝቼ መስጠት ከጀመርኩ ወር አለፈኝ። ምግቡን እንዴት ላስለውጥላት?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ምግቡ ነው። እንቅልፍ የሚነሳዎት ግን «እናቴን ወስጄ ጣልኳት ወይ?» የሚለው ይመስለኛል። አልጣሏቸውም። መክሳታቸውን ልብ ያሉት እርስዎ ነዎት።

«እርጅና ነው» የሚለውን ግን አይቀበሉ። ዕድሜ ሲገፋ የምግብ ፍላጎት ቀነስ ይላል። በ3 ወር 6 ኪሎ ግን ከክብደታቸው ከ10 በመቶ በላይ ነው። ይህ በ6 ወር ውስጥ ቢሆን እንኳ ምርመራ ያስፈልገው ነበር።

አሁን ወደ ትንታው። በአንድ መስመር አልፈውታል፤ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ትን የሚለው ሰው ሲውጥ የአየር ቧንቧው በደንብ ላይዘጋ ይችላል። ውሃው ወይም ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። አንዳንዱ አረጋዊ ደግሞ ሳያስል ነው የሚገባበት። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ይሂዱና አጠገባቸው ይቀመጡ። ከዋጡ በኋላ ያናግሯቸው። ድምፃቸው ውሃ እንደያዘ ጉሮሮ ረጠብ ብሎ ይሰማል? ጉንጫቸው ውስጥ ምግብ ይቀራል? በአንድ ጉርሻ ሁለት ሦስቴ ይውጣሉ? እነዚህን ባያዩም እንኳ ትንታው ስላለ የአዋዋጥ ምርመራ ይደረግላቸው። እስከዚያው ቀጥ ብለው ተቀምጠው በትንሽ በትንሹ ይጉረሱ፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት አይተኙ። ትኩሳት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ወይም ድንገት መቀባዠር ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። በዚህ ዕድሜ የሳንባ ምች ያለ ትኩሳትም ይመጣል።

እዚያው ሳሉ ሳህኑን ይንኩት። ምግቡ ቀዝቅዞ ነው የመጣው ወይስ ፊታቸው ተቀምጦ ቀዘቀዘ? ትንታ የሚፈራ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ቀዝቅዞ ከመጣ ጉዳዩ የወጥ ቤቱ ነው፤ ለኃላፊው ይንገሩ። ፊታቸው ተቀምጦ ከቀዘቀዘ ግን የሚያስፈልጋቸው አጠገባቸው የሚቀመጥና የማያጣድፋቸው ሰው ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው እሱንም ይዩ፤ ሰው ሲከሳ ይላላል።

ሽሮፑስ ማን አዘዘው? አንድ ወር ሙሉ! ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሽሮፖች ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት አለባቸው። አረጋውያንን ያደነዝዛል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ለመውደቅም ይዳርጋል። አፉ የደረቀና የደነዘዘ ሰው ደግሞ መዋጥ ይብስበታል። ከእንግዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንዲት ማንኪያ አይስጧቸው። ጠርሙሱንም ከሌሎቹ መድኃኒቶቻቸው ጋር ይዘው ነገውኑ ሐኪማቸው ጋ ይሂዱ፤ ፍላጎት የሚቀንስ መድኃኒት ከመካከላቸው ሊኖር ይችላል።

መንከባከቢያውንም በየሳምንቱ እንዲመዝኗቸውና ኪሎውን እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ምክንያቱ ሲገኝ ኪሎው ሊመለስ ይችላል። አሁን የሚያስፈልገው ነገ ምሳ ሰዓት ላይ መገኘትዎ ነው።