የአያቴ የኮሪያ ጃኬት የማን ነው?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የምኖር የ34 ዓመት ሰው ነኝ። አያቴ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ወታደር ነበሩ። ታመው በተኙበት «ጃኬቱ ያንተ ነው» ብለውኛል። ካረፉ በኋላ ጃኬቱን፣ ሜዳያቸውንና ከግንባር የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ የሌሎች ዘማቾችንም ዩኒፎርም፣ ኮዳና ፎቶ ከምናለሽ ተራና ከየሰፈሩ እየገዛሁ እሰበስባለሁ። አሁን አጎቴ «የአባቴን ዕቃ መልስ» እያሉኝ ነው። አሜሪካ ያለ ሰብሳቢ ደግሞ ለጃኬቱ 800 ዶላር እከፍላለሁ ብሎኛል። በቅርቡ የገዛሁት ሳጥን ውስጥም ጥይቶች አገኘሁ። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ከጥይቱ ልጀምር። ሌላው ሳምንት ቢያድር ምንም አይሆንም፤ ይሄ ግን ዛሬውኑ ማለቅ አለበት። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ ያስጠይቃል። «አሮጌ ነው፣ ለማስታወሻ ነው» የሚለው መልስ ፖሊስ ፊት ብዙ አያራምድም። ሳጥኑን ተሸክመው ታክሲ ውስጥ እንዳይገቡ። ባለበት ይተዉት፣ ልጆችን ያርቁ፣ ቅርብ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ይንገሩ። ሲረከቡዎት የርክክብ ወረቀት ይጠይቁ። ሳጥኑን ከማንና መቼ እንደገዙትም ሳይረሱት ዛሬ ማታ ይጻፉት። የእጅ ቦምብ የሚመስል ነገር ካዩ ጨርሶ እንዳይነኩት።

ወደ ጃኬቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ደስ የሚያሰኝ ነገር አልነግርዎትም፤ አጎትዎ ጠንካራ መብት አላቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሟች የመጀመሪያ ወራሾች ልጆቹ ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። የልጅ ልጅ የሚወርሰው ወላጁ ከአያቱ ቀድሞ ሲሞት፣ በእሱ ቦታ ተተክቶ ነው። የአጎትዎ ወንድም ወይም እህት የሆኑት ወላጅዎ አያትዎ ሲያርፉ በሕይወት ከነበሩ፣ ወራሹ እሳቸው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ውርሱ እስኪከፋፈል ድረስ ደግሞ ዕቃው የወራሾቹ ሁሉ የጋራ ነው። አንዱ ብቻውን አንሥቶ ሊሸጠው አይችልም።

«ያንተ ነው» ያሉዎት ቃልስ? ሕጉ የቃል ኑዛዜን ያውቃል። ሞቱ መቅረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ፈቃዱን ሊናገር ይችላል። ግን በዚህ መንገድ የሚተላለፍ ስጦታ ከ500 ብር መብለጥ የለበትም። ይህ በ1952 ዓ.ም የተጻፈ ቁጥር ነው። እርስዎ ጃኬቱን የአያት ትዝታ ብለው ነው የያዙት፤ 800 ዶላር የሚል ገዢ ከመጣ ግን ዋጋው ከዚያ ጣሪያ እጅግ ማለፉን በራስዎ ላይ አስመሰከሩ ማለት ነው።

አያትዎ በሕይወት እያሉ ጃኬቱን በእጅዎ ሰጥተውዎት ቢሆን ነገሩ ይለያል። ያኔ ስጦታ ይሆናል። የሚንቀሳቀስ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ባለቤቱ እንደሆነ ስለሚገመት፣ የማስረዳት ሸክሙም አጎትዎ ላይ ይወድቃል። እርስዎ ግን «ካረፉ በኋላ ወሰድኩ» ብለው ጽፈውልኛል። ይህን ለማቃናት ብለው ሌላ ታሪክ እንዳይፈጥሩ እለምንዎታለሁ።

አንድ የውርስ ጉዳይ ይዤ ነበር። ወንድማማቾቹ ቤቱን በሦስት ወር ተስማምተው ተካፈሉ። በአባታቸው አንድ ሜዳይ ግን ዓመት ተኩል ተካሰሱ። ሜዳይ አይቆረስ። ሸጦ ብሩን መካፈልም ለማናቸውም አልዋጥ አለ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ታላቁ እንዲያስቀምጠው፣ እንዳይሸጠው፣ በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ቀን ለሁሉም እንዲያወጣው ተፈራረሙ። ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ ነው። ጃኬቱ እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ ባለቤትነቱ የወራሾች መሆኑ ይጻፍ፣ ሁሉም ይፈርሙ። አጎትዎ የፈሩት የአባታቸው ጃኬት ባሕር ተሻግሮ መቅረቱን ይመስለኛል።

ፍርሃታቸውም ትክክል ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ የቅርስ ባለቤት እንዲሆን ይፈቅዳል፤ በቅርስ መነገድን ግን ይከለክላል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። የ70 ዓመት ጃኬት ቅርስ ነው ወይ? ወሳኙ ዕድሜው ብቻ አይደለም፣ ታሪካዊ ዋጋው ነው። ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ኮሪያ ተልከዋል። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል፤ የተማረከ አንድም የለም። ጨርቁ አሜሪካ ሠራሽ ይሆናል፤ የለበሰው ሰው ታሪክ ግን የእኛ ነው። ስለዚህ በዘመድ ሻንጣ ከመላክዎ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ባለሙያዎች ይዩትና መልሳቸውን በጽሑፍ ይቀበሉ። ከመቅደላ በ1860 የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደን የተመለሰው በ2011 ዓ.ም ነው። አንድ ጊዜ የወጣ ነገር ለመመለስ ስንት ዘመን እንደሚፈጅ ከዚህ ይመልከቱ።

ከምናለሽ ተራ ስለሚገዙት ዕቃ፣ መሰብሰብ በራሱ ወንጀል አይደለም። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ግን ወንጀል ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የሻጩን ስም፣ ቀኑን፣ ዋጋውንና የለበሰውን ሰው ስም ይጻፉ፤ ሻጩንም ያስፈርሙ። ፍርድ ቤት የሚጠይቅዎት ጥያቄና ታሪክ ጸሐፊ የሚጠይቅዎት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ የማን ነበር? ስም የሌለው ሸሚዝ ለሁለቱም ምንም አይነግራቸውም።

አሁን ሠራዊቱ የሚለብሰውን ዩኒፎርም ግን አይግዙ፣ ለፎቶም አይልበሱት። ከቅርብ ዓመታት ጦርነት የተገኘ የሟች መታወቂያ፣ ወታደር በአንገቱ የሚያንጠለጥለው የመለያ ቁጥር፣ የኪስ ፎቶ ቢመጣልዎትም ለስብስብዎ አያድርጉት። በ1949 እ.ኤ.አ የወጣው የጄኔቫ ስምምነት የሟች ገላ እንዳይዘረፍ፣ የግል ዕቃውም ለቤተሰቡ እንዲደርስ ያዛል። ልጇ ሞቶ ይሁን ተርፎ የማታውቅ እናት አለች፤ ያ ቁጥር ለእሷ ብቸኛው ምላሽ ሊሆን ይችላል። ወደ ቀይ መስቀል ይውሰዱት። የጠፉ ዘመዶችን የማፈላለግ ሥራ አላቸው።

ደብዳቤዎቹ ቀሩ። ወረቀቱ እጅዎ መግባቱ የማሳተም መብት አይሰጥዎትም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የጸሐፊው መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ የሚተላለፈውም ለወራሾቹ ነው። ፌስቡክ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት አጎትዎን ያስፈቅዱ።

እንዲያውም ደብዳቤዎቹን ይዘው ይሂዱና አብረው ያንብቧቸው። የስምምነቱን ረቂቅ በሌላ ቀን ይውሰዱላቸው።