የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ሜዳና ከብት ብቻ ነው» ስለተባለችው ብሩክስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ብሩክስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሥጋ ፋብሪካ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። እኔ ከሁለት ልጆቼ ጋር ቶሮንቶ ነኝ። «ነይ» ይለኛል። ምን አለ እዚያ ስለው ደግሞ «ሜዳና ከብት ብቻ ነው» ይላል። የሚልክልኝ ፎቶም ያው ሜዳ ነው። ልጆቹን ይዤ ልሂድ? እዚያ ሰው አለ? መኪና አልነዳም።
ሰ. ነኝ፣ ከቶሮንቶ

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩክስ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ባለቤትሽ አልዋሸሽም፤ ሜዳውም አለ፣ ከብቱም አለ። ግን ሰው ስምንት ወር ሙሉ ከፋብሪካ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ፋብሪካ ከተመላለሰ ሌላ ምን ያያል? እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንደዚያው ነው ያሳለፍኩት፤ ስለዚህ አልፈርድበትም። እሱ ያላየውን ልንገርሽ።

ብሩክስ ከካልጋሪ በስተደቡብ ምሥራቅ 186 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ። አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው ትራንስ ካናዳ አውራ ጎዳና በአጠገቧ ያልፋል። ተራራ የለም፣ ዛፍም እምብዛም ነው። የሚበዛው ሰማይ ነው። መጀመሪያ ላይ ዓይንሽ የሚያርፍበት ያጣል፤ ደጋ ላደገ ሰው ይሄ ከብርዱ በላይ ይከብዳል። እየቆየሽ ስትሄጂ ግን ሜዳው ውስጥ ያለውን መለየት ትጀምሪያለሽ። ዝናቡ ገና ሩቅ እያለ ታይዋለሽ። ፕሮንግሆርን የሚባለው ሚዳቋ የሚመስል ፈጣን እንስሳ ከመኪናሽ ጎን ሲሮጥ ታያለሽ። በጁን ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ ልጆች እስከዚያ ድረስ ውጪ ይጫወታሉ። ዲሴምበር ላይ ደግሞ አሥር ሰዓት ተኩል ሲል ይመሻል፤ እሱንም እወቂው።

አሁን በሰመር አረንጓዴ ሆኖ የምታይው እርሻ በተፈጥሮ የተገኘ አይደለም። አገሩ ደረቅ ነው። ጆን ፓሊሰር የሚባል አጥኚ ከ1857 እስከ 1860 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አካባቢውን ዞሮ አይቶ ይሄኛው ክፍል ለእርሻ አይሆንም ብሎ ነበር። በ1883 ባቡር ሲመጣ የባቡር ኩባንያው ሰፊ መሬት ያዘ፤ ያለ ውሃ ግን ማን ይገዛዋል? ስለዚህ ቦው ወንዝን ባሳኖ ላይ ገድበው ቦይ ቆፈሩ። ከብሩክስ ወጣ ብሎ ሸለቆ ሲያጋጥማቸው ደግሞ 3.2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የኮንክሪት ድልድይ ሠሩ፤ ውሃ ብቻ የሚሻገርበት ድልድይ። በ1914 አለቀ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ፦ ውሃው ሐዲዱ ጋ ሲደርስ ከባቡሩ ሥር ወርዶ ያልፍና በወዲያኛው በኩል በራሱ ግፊት መልሶ ይወጣ ነበር። እስከ 1979 ሠርቶ ሥራውን ለአፈር ቦይ አስረከበ፤ ድልድዩ ግን ዛሬም ቆሟል። ልጆቹን እዚያ ውሰጃቸው። ከዚያው መስኖ የተፈጠረው ኒዌል ሐይቅም ቅርብ ነው፤ በሰመር ይዋኙበታል።

ከባቡሩ በፊት ይህ ሜዳ የብላክፉት ሕዝቦች አገር ነበር፤ የጎሽ መንጋ እያደኑ ይኖሩ ነበር። በ1877 ከመንግሥት ጋር ሰባተኛው ውል (ትሪቲ 7) የሚባለውን የመሬት ስምምነት ፈረሙ። ከካልጋሪ ስትመጪ ከመንገዱ በስተደቡብ የሲክሲካ ሕዝብ መሬት አለ። ለልጆችሽ ንገሪያቸው፤ የማን አገር ላይ እንደሚያድጉ ይወቁ።

«ሰው አለ ወይ?» ላልሽው፦ አለ፣ ያውም ብዙ ዓይነት። ነዋሪው 15,000 ገደማ ነው፤ ከተማዋ ግን የመቶ ሰላምታ ከተማ ትባላለች፤ በቋንቋው ብዛት። ሥጋ ፋብሪካው ከ2,000 በላይ ሰው ይዟል። ፊሊፒናዊው፣ ሱማሌው፣ ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ የእኛም ሰው ሁሉ በእሱ በኩል ነው የመጣው። በ2005 ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ተሰለፉ፤ ከአፍሪካ የመጡት ብዙ ነበሩ፤ የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት ያገኙትም ከዚያ አድማ በኋላ ነው። ባለቤትሽ ዛሬ የሚሠራው እነሱ ብርድ ላይ ቆመው ባገኙት ውል መሠረት ላይ ነው፤ ይሄን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

አማርኛ ትሰሚያለሽ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሽንኩርት ስትመርጪ ከኋላሽ «አበሻ ነሽ እንዴ?» የሚልሽ አይጠፋም፤ ቡናም ወዲያው ይመጣል። ከአሮጌዎቹ ነዋሪዎች፣ ከገበሬዎቹና ከከብት አርቢዎቹ ጋር መግባባት ግን ጊዜ ይወስዳል። ጨዋ ናቸው፣ በጠጠር መንገድ ላይ ሲያልፉሽ ጣታቸውን ከመሪው ላይ አንስተው ሰላም ይሉሻል፤ ቤታቸው ግን ቶሎ አይጠሩሽም። በሩን የሚከፍተው የልጆች ነገር ነው። ሆኪ በይ! ኬል ማካር፣ በ2022 ከኮሎራዶ ቡድን ጋር የሆኪውን ትልቅ ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን ያነሳው፣ ከዚያ በፊት የከተማዋ ቡድን የብሩክስ ባንዲትስ ተጫዋች ነበር። ትንሽዋ ከተማ በዚህ ምን ያህል እንደምትኮራ መገመት ትችያለሽ። ጨዋታ ባለ ቀን አዳራሹ ውስጥ ብርድ ልብስ ይዘሽ ቁጭ በይ፤ ከጎንሽ ያለችው እናት ሳትጠይቂያት ሕጉን ታስረዳሻለች። እኔ ጎረቤቶቼን በስም ያወቅኩት እዚያ ነው።

ሌላም አለ። 48 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብትነዱ ያ ለጥ ያለ ሜዳ ድንገት ይሰነጠቅና ዓባይ በረሃን እንደመውረድ ያለ ገደል ይመጣል፤ ሬድ ዲር ወንዝ የበላው ምድር ነው። ዳይኖሰር ፕሮቪንሻል ፓርክ የሚባለው ይሄ ነው። በ1979 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ ከ40 በላይ የዳይኖሰር ዝርያዎች ቅሪት ተገኝቶበታል፤ 75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው። ባለቤትሽ አንድ እሑድ ከእንቅልፉ ላይ ይስጥሽና እዚያ ይውሰዳችሁ። ከዚያ በኋላ «ሜዳ ብቻ» አይልሽም።

አሁን ወደ መኪናው። ይሄ ዋናው ችግርሽ ነው። የመንገደኛ ባቡር ከ1990 ጀምሮ በዚያ አያልፍም፤ ግሬይሃውንድ አውቶቡስም በ2018 ከምዕራብ ካናዳ ወጥቷል። ባለቤትሽ ሺፍት ላይ እያለ ልጅ ቢታመምብሽ፣ ዕቃ ብታጪ፣ ለበዓል ካልጋሪ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ብትፈልጊ በሰው እጅ ነሽ። እዚያ ተከፍተው ያየኋቸው ሴቶች አብዛኞቹ የማይነዱት ናቸው፤ የከፋቸው ብርዱ ወይም ሜዳው ሆኖ አይደለም። ስለዚህ መንጃ ፈቃዱን አሁኑኑ ቶሮንቶ እያለሽ ጀምሪው። እና በጃንዋሪ አትምጪ፤ ከዜሮ በታች 30 ሊደርስ ይችላል፤ ሌሊት የመኪናውን ሞተር ማሞቂያ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ነው የምታድሩት። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ነይ። ልጆቹ ሰመሩን ውጪ ሲጫወቱ ጓደኛ ይዘው ይቆያሉ፣ አንቺም ቀኑ ረጅም ሳለ መንዳቱን ትለምጂዋለሽ።

እኔ ብሆን እሄድ ነበር።

ጥያቄ፦ እህቴ እዚያው አካባቢ ናት። በከባድ ብርድ መሐል አንድ ቀን በረዶው ሁሉ ቀለጠ ስትለኝ አላመንኳትም። እውነት ነው?
ት. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እመኛት። ቺኑክ የሚባል ነፋስ ነው። ከፓስፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር ሮኪ ተራሮች ላይ ሲወጣ ዝናቡንና በረዶውን እዚያው ያራግፋል፤ ከዚያ ደርቆ ወደ ሜዳው ሲወርድ እየታመቀ ይሞቃል። ፒንቸር ክሪክ በምትባል ከተማ በጃንዋሪ 1962 በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዜሮ በታች 19 ወደ 22 ዲግሪ ወጥቷል። ብሩክስ ከተራራው ራቅ ስለምትል እንደዚያ አይበረታም። አንዳንድ ሰው ራሱን ያመዋል። እህትሽን በማግስቱ ጠዋት ተጠንቅቃ እንድትራመድ ንገሪያት፤ የቀለጠው ሁሉ ሌሊት ተመልሶ ይረጋና መንገዱ መስታወት ይሆናል።