መልስ፦ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ማደር ወይስ ደርሶ መልስ?

እህቴ፣ "ከካዛንቺስ 50 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ አዲሱ ሪዞርት ማደር ምን ይሠራል?" ላልሽው፣ እኔ እደሪ ባይ ነኝ። ሐይቁ የሚያምረው የቀን እንግዳው ሙዚቃውን ይዞ ከሄደ በኋላ ነው።

ስትደውዪ ግን "ሐይቁ ከአልጋ ላይ ይታያል ወይስ ከበረንዳው ጥግ ተንጠራርቼ?" በያቸው። በትልልቆቹ ሪዞርቶች "የሐይቅ እይታ" ተብሎ የፊት ለፊቱ ሕንፃ ጣሪያ ሊደርስሽ ይችላል። የነገሩሽ ዋጋ 15 በመቶ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምር እንደሆነም አጣሪ፤ ጉዱ የሚፈላው ሂሳብ ላይ ነው።

አርብ ማታ ቃሊቲ ላይ ቆመሽ ከምታመሺ፣ ማክሰኞ በፈጣን መንገዱ ውጪ። ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ እዚያው ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ላይ የሚከበርበትን እሁድ ተይው፤ ክፍል ማግኘት ጭንቅ ነው።