አባትዎን ይዘው ወደ ባንኮክ ለሚሄዱት ጠያቂያችን፦ በካርዱ ላይ ያለው ዶላር በሆቴል እንዳይታገድብዎ

ሰላም እህታችን። አባትዎን ለሕክምና ወደ ባንኮክ እንደሚወስዱ፣ ከባንክ የተፈቀደልዎ ዶላር በቪዛ ካርድ እንደተሞላልዎ ገልጸው፣ ጥሬ ገንዘብ ሳይዙ በካርዱ ብቻ መዝለቅ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እናቴን ይዤ የሄድኩት ወደዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓይነት ካርድ ነበርና የደረሰብንን ልጻፍልዎ። በካርዱ ብቻ አይሂዱ። ይህን የምለው ካርዱ ታይላንድ ውስጥ ስለማይሠራ አይደለም፤ በደንብ ይሠራል። ችግሩ ገንዘብዎ በካርዱ ላይ እያለ ሊታገድብዎ መቻሉ ነው።

አንደኛ፣ ሆቴል ወይም የእንግዳ ማረፊያ ሲገቡ ለመያዣ ካርድ ቢጠይቁዎ ይህን ካርድ አይስጡ። መያዣውን በጥሬ ገንዘብ ላስይዝ ይበሉ፤ ብዙዎቹ ይቀበላሉ። እንግዳ ተቀባዩ ካርዱን በማሽኑ ሲያሳልፈው ክፍያ አይወስድም፤ ለክፍሉ ኪራይና ለሚደርስ ጉዳት ዋስትና የሚሆን ገንዘብ ግን እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋል። የባንክ ሰዎች ይህን ሆልድ ይሉታል። የብድር ካርድ ለያዘ እንግዳ ጉዳዩ ከብድር ጣሪያው ላይ ለጊዜው መቀነስ ብቻ ነው፤ የእኛ ካርድ ግን ቀድሞ የተሞላ በመሆኑ የሚታሰረው በእጃችን ያለው ብቸኛ ዶላር ነው።

እኛ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ሐኪሞቹ ተጨማሪ ምርመራ ስላዘዙና እናቴም በመኪና መመላለሱ ስለከበዳት፣ ከመጀመሪያው ሆቴል ለቀን ለሆስፒታሉ ወደሚቀርብ ማረፊያ ተዛወርን። የመጀመሪያው ሆቴል የሙሉ ቆይታችንን ኪራይ አሳግዶ ነበር፤ ስንወጣ ያደርንበትን ሒሳብ ለብቻው ተቀበለን፣ እገዳውን ግን እንዳለ ተወው። ሁለተኛውም ማረፊያ የራሱን አሳገደ። ሆስፒታሉ ለምርመራው ቅድሚያ ተቀማጭ ሲጠይቀን ማሽኑ በቂ ገንዘብ የለም አለ። እናቴ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከኋላችን ሰልፍ ቆሞ፣ በካርዱ ላይ ያለንን ዶላር መጠቀም አልቻልንም። ካርዱን ስንረከብ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል የነገረን የባንክ ሠራተኛ አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ካርዱን ለሕክምና እንደምንጠቀምበት ማመልከቻችን ላይ ተጽፎ ነበርና።

ወዲያው ወደ ባንካችን እንዳልደውል የሰዓቱ ልዩነት ያዘኝ። ባንኮክ ከአዲስ አበባ 4 ሰዓት ይቀድማል፤ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆኖ ባንክ ሲከፈት እዚያ እኩለ ቀን ነው። የጠዋት ቀጠሮ የነበረው ሰው እስከዚያ ድረስ መልስ የሚሰጠው የለም። በመጨረሻ የጥሪ ማዕከሉ ስልክ ሲነሳ ሠራተኛዋ ገንዘቡን ተጠቅማችሁበታል አለችኝ። አለመጠቀማችንን ሳስረዳት ወደ ቅርንጫፍ ቀርበው ያመልክቱ አለች። ታይላንድ ነኝ ስላት ያንኑ ደግማ ስልኩን ዘጋችው። የታመመች እናት ይዞ በሰው አገር ለቆመ ደንበኛ እንዲህ ያለ መልስ መስጠት ነውር ነው፤ ነውርነቱንም ስመለስ ለኃላፊው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

መፍትሔው የተገኘው ከሆቴሉ ነው፣ እርስዎም ከተቸገሩ መጀመሪያ ወደዚያው ይሂዱ። ያሳገደው ድርጅት እገዳውን በራሱ ማሽን ሊሰርዝ ይችላል። አልችልም ካለ፣ በድርጅቱ ማኅተም ደብዳቤ ይጻፍልዎ፤ ደብዳቤው ላይ የካርዱ የመጨረሻ 4 ቁጥሮች፣ የታገደው መጠን፣ ቀኑና በማሽኑ ወረቀት ላይ የታተመው የማረጋገጫ ቁጥር ይኑሩ፣ ገንዘቡን እንደማይፈልገውም በግልጽ ይስፈር። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ የሆቴሉን ሒሳብ ክፍል ኃላፊ አስጠርቼ፣ ወረቀቶቼን ዘርግቼ፣ ደብዳቤው ተፈርሞ እስኪሰጠኝ ከቢሮው አልወጣሁም። በኢሜይል ለባንኩ የካርድ ክፍል ከላክሁት በኋላ ነው ዶላራችን የተለቀቀው።

ሁለተኛ ብዬ ልጽፈው የነበረው የስም ጉዳይም ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነው። ገንዘቡ እስኪለቀቅ ዋሽንግተን ያለችው እህቴ በገንዘብ አስተላላፊ በኩል ላከችልን፤ ልንቀበል ስንሄድ ግን ሠራተኛው ፓስፖርቴን አይቶ መለሰኝ። እህቴ እንደ ልማዳችን ስሜንና የአባቴን ስም ብቻ ጽፋ ነበር፤ በፓስፖርታችን ላይ ደግሞ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚሰፍረው የአያት ስም ነው። እሷ ደውላ እስክታስተካክል ድረስ ሌላ ቀን አለፈብን። ሊልክልዎ የሚችል ዘመድ ካለ፣ የፓስፖርትዎን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ከመነሳትዎ በፊት ይላኩለትና ሦስቱንም ስም ፊደል በፊደል እንደዚያው ይጻፍ።

ጥሬ ገንዘብን በተመለከተ፣ ከሚፈቀድልዎ ዶላር ከፊሉ በጥሬው እንዲሰጥዎ ባንኩን ይጠይቁ፤ ቦሌ ላይ ለጉምሩክ የሚያሳዩትን የባንክ ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ። ኖቶቹ ያልተቀደዱና ያልተጻፈባቸው ባለ 100 ይሁኑ፤ የባንኮክ መንዛሪዎች ለባለ 100 እና ለባለ 50 ኖት የሚሰጡት ዋጋ ለትንንሾቹ ከሚሰጡት ይሻላል። በሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እንደወሰዱ በሚያገኟቸው መስኮቶች አይመንዝሩ፤ ወደ ከተማ የሚወስደው ባቡር ባለበት ምድር ቤት ያሉት የተሻለ ይከፍላሉ። ፓስፖርት ይጠይቃሉ።

ከኤቲኤም ለማውጣት ከተገደዱ በአንድ ጊዜ በርከት አድርገው ያውጡ፤ የታይላንድ ባንኮች ከውጭ አገር ካርድ በእያንዳንዱ ማውጣት 220 ባትና ከዚያ በላይ ይቆርጣሉ፣ የራስዎ ባንክም የራሱን ይጨምርበታል። ኤቲኤሙም ሆነ የመደብሩ ማሽን በዶላር ይሁን ወይስ በባት ብሎ ከጠየቀዎ ሁልጊዜ ባት ይምረጡ፤ ዶላር ካሉ የምንዛሪውን ዋጋ የሚተምነው የማሽኑ ወገን ነው፣ የሚተምነውም ለራሱ በሚያዋጣው መንገድ ነው። ገንዘቡ ሳይወጣ ከካርዱ ከተቀነሰ ከታይ ባንክ ጋር አይከራከሩ፤ ደረሰኙን ይዘው ቅሬታውን ሳይዘገዩ ለራስዎ ባንክ ያስገቡ፣ በቪዛ ደንብ ባንክዎ ጉዳዩን የሚያቀርብበት ጊዜ 120 ቀን ነው።

የኢትዮጵያ ሲም ካርድዎ ሮሚንግ (በውጭ አገር እንዲሠራ የሚያደርገው አገልግሎት) ሳይከፈትለት አይነሱ፤ በኢንተርኔት ሲከፍሉ የሚላከው የሚስጥር ቁጥር የሚመጣው ወደዚያ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ወንድሜ በእኛ ምትክ አዲስ አበባ ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ፣ ውክልና ስለሌለህ ስለ ሒሳቡ አናናግርህም ተብሎ ተመልሷል። በዚህ እንኳ ባንኩን አልወቅስም፣ የደንበኛን ሒሳብ መጠበቅ ግዴታው ነው። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበው ለሚያምኑት ሰው ውክልና ይስጡ፤ በውክልናውም ላይ ካርድን የሚመለከት ማመልከቻና ቅሬታ ማቅረብ፣ መረጃም መቀበል እንደሚችል በስም ተጠቅሶ ይጻፍ፤ ጥቅል የባንክ ጉዳይ የሚል ብቻ ከሆነ ቅርንጫፉ ሊመልሰው ይችላል።