ድራመር ሲለቅ ባንድ አይፈርስም

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ጎንደር ላይ የሮክ ባንድ ከመሠረታችሁ አራት ወራችሁ ነው። ድራመራችሁ ሊለቅ ነው፣ የሊድ ጊታሪስቱም (የሶሎው ተጫዋች) ልብ ሸፍቷል። «ሳንበተን ምን እናድርግ?» ነው ያልከው። እኔ እዚሁ ከተማ ስድስት ዓመት ቤዝ ጊታር ተጫውቻለሁ። ሦስት ድራመርና ሁለት ሊድ ጊታሪስት ሲቀያየሩ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ተረጋጋ ወንድሜ። ትልልቆቹም እንዲህ ነው የጀመሩት። የአሜሪካው የሄቪ ሜታል ባንድ ሜታሊካ በ1981 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ተመሠረተ። በመጀመሪያው ቤዚስት ቦታ ክሊፍ በርተንን ፈለጉ። እሱ ግን ባንዱ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ካልመጣ አልገባም አለ። ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱለት። በ1983 ደግሞ የመጀመሪያ አልበማቸውን ሊቀርጹ ኒውዮርክ ደርሰው ሳለ ሊድ ጊታሪስቱን ዴቭ መስቴይንን አሰናብተው ከርክ ሃሜትን አስገቡ። አልበሙ በዚያው ዓመት ወጣ።

እኛ ጋ ባንድ የሚበትነው ብዙ ጊዜ ምረቃ ነው። ከመካከላችን ግማሹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። አንዱ ተመርቆ ሻንጣውን ይዞ አገሩ ሲገባ ሌላ ሰው ፍለጋ እንጀምራለን። አዲስ ሰው ስታስገቡ «መቼ ነው የምትመረቀው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ጥር ላይም ብዙ ልምምድ አታስቡ። ኪቦርድ የሚችል ልጅ ሰርግ ይጠራዋል፣ እንጀራው ነው።

የድራመሩ ነገር ግን ይከነክነኛል። የኛ የመጀመሪያው ድራመር ከአዘዞ በታክሲ ነበር የሚመጣው። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንለማመድ ነበር። ያረፍዳል፣ ቢቱም ይሮጥበታል። የተሻለ ልጅ አገኘን። ለሱ ግን አልነገርነውም። «ዛሬ ልምምድ የለም» እያልን ሁለት ሳምንት ሸሸነው። አንድ ቅዳሜ ሳንጠራው መጣ። በሩ ላይ ሆኖ የሌላ ሰው ድራም ሰማ። ገባ፣ አየን፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስቲኮቹን ከጥግ አንስቶ ወጣ። ዛሬም ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ እኔ ግን ቀና ብዬ አላየውም።

ቢትልሶችም ከዚህ አልዳኑም። በኦገስት 1962 ድራመራቸውን ፔት ቤስትን ሲያሰናብቱ ጠርቶ የነገረው ማናጀሩ ብራያን ኤፕስታይን ነው። ሁለት ዓመት አብረውት የተጫወቱት ጓደኞቹ እዚያ አልነበሩም። በቦታው ሪንጎ ስታር ገባ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። እኔ ያን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የማስበው ፔትን ነው።

ስለዚህ ከመለያየታችሁ በፊት ከሚለቀው ልጅ ጋር አንድ ቀን ቡና ላይ ቁጭ በሉ። አብራችሁ የሠራችኋቸውን ዘፈኖች ወደፊት ማን እንደሚጫወታቸው ያኔውኑ ተስማሙ። በገንዘቡ የገዛው ዕቃ ካለ መልሱለት። ሳይሄድ ደግሞ ዘፈኖቹን ሁሉ በስልክ ቅረጹ። ለሚተካው ልጅ ትልቅ እገዛ ነው።

የሚተካውን ልጅ ግን «ልክ እንደ እሱ ተጫወት» አትበሉት። ሁለተኛው ጊታሪስታችን ማሲንቆ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። እንደ ፊተኛው ካልተጫወትክ ብለን ሦስት ሳምንት አስጨነቅነው። አንድ ማታ ዲስቶርሽኑን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን) ከፍቶ በትዝታ ሜጀር ቅኝት ሶሎ ገባ። የትዝታ ሜጀር አምስት ኖታዎች እኮ የሮክ ጊታሪስቶች ሜጀር ፔንታቶኒክ የሚሉት ራሱ ነው። ለጆሯችን ሮክ ነበር፣ የጎንደርም ነበር። ከዚያ ማታ ጀምሮ የድሮውን ሶሎ ማንም አላነሳውም።

ሦስተኛው ድራመራችን አሁንም እዚሁ ጎንደር ነው፣ ባንድም የለውም። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ከሚለቀው ልጅ ጋር ተነጋገሩ።