ወደ ኪሩና ለሥራ ለምትመጡ ልጆች

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ።

ከስቶክሆልም፣ ከጎተንበርግ፣ አንዳንዴም ከጀርመን ድረስ የሚደውሉልኝ ወጣቶች ጥያቄያቸው አንድ ነው። "ጋሼ፣ እውነት እዛ ላይ ሥራ አለ? ጨለማውንስ እንዴት ቻሉት?"

ሥራ አለ። ጨለማውም ይቻላል። እዚህ ሰሜን ስዊድን ባለችው የማዕድን ከተማ በኪሩና ብዙ ልጅ ሲመጣም ሲሄድም አይቻለሁ። ተሰብሮ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ "ጥርሴን ነክሼ ሁለት ዓመት ልሥራ፣ ገንዘቤን ይዤ ውልቅ እላለሁ፣ ኑሮው ከዛ በኋላ ይደርሳል" ብሎ የመጣው ነው። አልጋ ብቻ ያለበት ክፍል ይከራያል። መጋረጃ አይሰቅልም፣ ቋንቋውን አይማርም፣ ጎረቤቱን በስም አያውቅም። ከሥራ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሥራ። በሦስተኛው በአራተኛው ወር ሳቁ ይጠፋል። ልጁ ጎበዝ ሠራተኛ ሆኖ ሳለ እንዲህ ሲሆን ማየት በጣም ያሳዝናል። እባካችሁ፣ ከመጣችሁ በደረሳችሁበት ቀን መኖር ጀምሩ።

ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከመሬት በታች ያሉ ሞተሮችንና ማራገቢያዎችን ስጠግን ነው። ስለዚህ ከታች ልጀምር።

ኪሩና ከአርክቲክ ክበብ፣ የሰሜን ዋልታ አካባቢ ከሚጀምርበት መስመር፣ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ናት። የተቆረቆረችው በ1900 ነው (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ለብረት ሲባል። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች ሬንዲር የሚባለውን የበረዶ አገር አጋዘን እያረቡ ከዚያ ብዙ በፊት ይኖሩበት ነበር። ኤልኮአቤ የተባለው የመንግሥት ኩባንያ የሚያወጣው ማዕድን 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ዘመም ብሎ ወደ ከተማዋ ሥር የሚወርድ አለት ነው። ዋናው የማጓጓዣ ደረጃ ከድሮው የተራራ ጫፍ ሲለካ 1,365 ሜትር ላይ ይገኛል። ሰው ወደ ታች የሚወርደው በመኪና ነው። መንገድ አለ፣ መብራት አለ፣ ሾፌር የሌላቸው ባቡሮች ይመላለሳሉ። የወጣው ማዕድን ደግሞ በባቡር ተራራ አቋርጦ ኖርዌይ ውስጥ ናርቪክ ይደርሳል፤ የዚያ ወደብ ባሕር በብርድ አይረጋም።

ፍንዳታው ሌሊት ነው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ። በአካባቢው ሰው አለመኖሩ ይረጋገጣል፣ ደማሚቱ ይተኮሳል፣ ጭሱ በማራገቢያ ይጠረጋል፣ ከዚያ ጫኚዎቹ ይገባሉ። አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ ቤቱ ትንሽ ንቅንቅ ሲል ይሰማችኋል። ትለምዱታላችሁ። የማዕድኑ ሥራ መሬቱን እንደሚያስቆጣው ግን አትርሱ፤ በሜይ 18፣ 2020 ሌሊት ከዚሁ ሥራ የተነሳ 4.9 የተለካ መናወጥ ነበር።

ሥራውን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልንገራችሁ። እኛ ትልቅ ሰው ሲያዘን "እሺ" ብለን ነው ያደግነው። ያልገባንንም "እሺ"። ከመሬት በታች ይሄ ልማድ ሰው ይገድላል። የሚነገራችሁ ስለ አየር፣ ስለ ጣሪያ አለት፣ ስለ ፍንዳታ ክልል፣ ስለ መውጫ መንገድ ነው፤ የሚነገረውም በስዊድንኛ፣ ያውም በሰሜኑ አነጋገር፣ ያውም ማሽን እየጮኸ ነው። አልገባኝም በሉ። ሦስት ጊዜም ቢሆን ድገሙልኝ በሉ። እዚህ አገር አለቃ በጥያቄ አይቆጣም። ቢቆጣም ይቆጣ። አለቃ ቢቆጣ ያልፋል።

የሠራተኛ ማኅበርም ግቡ፣ በመጀመሪያው ወር። ከዲሴምበር 1969 እስከ ፌብሩዋሪ 1970 እዚህና በአካባቢው ያሉ 4,700 ገደማ የማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። ስቫፓቫራ ላይ ተጀምሮ ኪሩናና ማልምበርየት ደረሰ። ዛሬ ሠራተኛው ቀና ብሎ አለቃውን የሚያናግረው እነዚያ ሰዎች በዚያ ብርድ ስለቆሙ ነው። ይህን ሳታውቁ አትሥሩ።

አሁን ወደ ወቅቶቹ።

ሳሚዎች ዓመቱን በስምንት ይከፍሉታል፣ ልክም ናቸው። በሴፕቴምበር፣ ልክ በእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን፣ በርች የተባለው ዛፍ ቢጫ ይሆናል፣ ረግረጉ ደግሞ ይቀላል። አደይ አበባ የለም፣ ግን ተራራው ሁሉ ቢጫ ነው። ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው። ሥራ በዛብኝ ብላችሁ እንዳያመልጣችሁ። ኦክቶበር ላይ በረዶ ይጥላል፣ ከዚያ በኋላ የሚጥለው እስከ ሜይ ድረስ አይነሳም።

ከዲሴምበር 10 ገደማ ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ መግቢያ ፀሐይ አትወጣም። ድቅድቅ ጨለማ ነው ማለት ግን አይደለም። እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓት ሰማዩ ሰማያዊና ሮዝ ይሆናል፣ በረዶውም ያንን ብርሃን መልሶ ይሰጣል። የእኛ ሰዓት ፀሐይ ስትወጣ ነው መቆጠር የሚጀምረው። ፀሐይ በማትወጣበት ወር ቀኑን የምትጀምሩት እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ በእረፍት ቀንም ቢሆን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ። ያቺ የእኩለ ቀን ብርሃን ስትመጣ ውጪ ሁኑ፤ ሃያ ደቂቃም ትበቃለች፣ ብቻ በየቀኑ ይሁን። የሌሊት ፈረቃ ከሆናችሁ ሐሳቡ ያው ነው፤ እንቅልፋችሁን በሰዓቱ ተኝታችሁ ስትነሱ መብራት አብሩ፣ ከሰው ጋር ቁርስ ብሉ። እረፍት ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ይዞ አልጋ ውስጥ የሚውል ልጅ በጃንዋሪ አያምርበትም።

ጎረቤቶቻችሁ ከገና አራት እሑድ ቀደም ብለው በየመስኮቱ የኮከብ መብራትና መቅረዝ ያስቀምጣሉ። እናንተም አስቀምጡ። ዋጋው ትንሽ ነው። መንገደኛው እዚህ ቤት ሰው አለ ይላል፣ እናንተም ከሥራ ስትመለሱ የሚጠብቃችሁ ብርሃን ይኖራል። የእኛ ገና በጃንዋሪ 7 ሲውል ፀሐይዋ ብቅ ማለት የጀመረችበት ሰሞን ነው። ዶሮውን ሠርታችሁ የሥራ ባልደረቦቻችሁን ጥሩ። ለብቻ የሚበላ ዶሮ ወጥ እዚህ አገር ከጨለማው ይከብዳል።

ስለ ጤና ደግሞ ልናገር፣ ብዙ ልጅ ይንቀዋልና። ቆዳችን ጥቁር በመሆኑ ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ከፈረንጁ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፣ እዚህ ደግሞ በበረዶው ወራት የሚበቃ ፀሐይ የለም። ድካም፣ የአጥንትና የጡንቻ ሕመም ሲመጣ "ብርዱ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን አስለኩ፣ ሐኪሙ የሚላችሁን መጠን ውሰዱ። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ አልለቅ ካለም እዚያው ሂዱና ተናገሩ። እናታችሁ እንዳትጨነቅ ብላችሁ በስልክ "ደህና ነኝ" ብትሏት ይገባኛል። ለሐኪም ግን እውነቱን ንገሩ።

ልብስ ላይ አትቆጥቡ። ከውስጥ ሱፍ ልበሱ፤ ጥጥ ላብ ይይዝና ያበርዳል። ጫማ በወፍራም ካልሲ የሚገባ፣ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይሁን። ካፖርታችሁ ላይ የሚያብረቀርቅ ሪፍሌክስ አንጠልጥሉ፣ ሹፌር በጨለማ እንዲያያችሁ። ከዜሮ በታች 30 ሲሆን ብረት በባዶ እጅ አይነካም። መኪና ካላችሁ የሞተር ማሞቂያ ይኑራት፤ የመኪና ማቆሚያው ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት የተተከለው ለዚሁ ነው።

አሁን የምወደው ወቅት። ከማርች እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ በበረዶውና በፀደዩ መካከል ያለው፣ ሳሚዎቹ ለብቻው ስም የሰጡት ጊዜ። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ታበራለች፣ በረዶው ግን አልቀለጠም። ሌሊት ይጠነክርና ጠዋት በላዩ ላይ ትሄዱበታላችሁ። ሰው ሁሉ ወደ ረጋው ሐይቅ ይወጣል። በረዶው ላይ የሬንዲር ቆዳ ያነጥፋሉ፣ ቀዳዳ ሰርስረው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ቋሊማ ይጠብሳሉ፣ ቡና ያፈላሉ። ፋሲካችንም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ይውላል። ኑሮውን ለነገ ያቆየው ልጅ ይህንን ሁሉ ከመስኮት እያየ "መቼ ነው ሣር የሚበቅለው?" ይላል። ልጆች፣ ሣሩ የሚመጣው ጁን ላይ ነው። ያን ጊዜ ድረስ ከጠበቃችሁ የዓመቱን ምርጥ ወራት ጨርሳችኋል። ስኪ የሚባለውን የበረዶ መንሸራተቻ ተዋሱ፣ ውደቁ፣ ተነሱ። የፀሐይ መነጽር ግን አትርሱ፣ የበረዶው ነጸብራቅ ዓይን ይጎዳል።

ሜይ ጭቃና ጠጠር ነው፤ እለፉት። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ አትጠልቅም። ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ቤቱን ቀለም ሲቀባ፣ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ታያላችሁ። ደስ ይላል፣ ግን እንቅልፍ ይነሳል፤ ብርሃን የማያስገባ ጥቁር መጋረጃ ስቀሉ። የወባ በሽታ የሌላት ግን ስፍር ቁጥር የሌላት ትንኝም አለች። በጁላይ መጨረሻና በኦገስት ረግረጉ ላይ ቢጫ የጫካ ፍሬ ይበስላል። በዚህ አገር የጫካ ፍሬ ለቀማ ለሁሉም የተፈቀደ ነው። ጥሩ ቦታውን የሚያሳያችሁ ሰው ካገኛችሁ ግን በእውነት ወዶአችኋልና አክብሩት።

ሳሚ ባልደረባ ወይም ጎረቤት ይኖራችኋል። "ስንት ሬንዲር አለህ?" ብላችሁ እንዳትጠይቁት። የገጠር ዘመዳችሁን ሰው ፊት ስንት ከብት አለህ እንደማለት ነው። የማዕድኑ መስፋፋት፣ የባቡሩ መንገድ፣ የከተማው መዛወር የእነሱን የግጦሽና የጉዞ መንገድ እንደሚያጠብም እወቁ። እንጀራችንን የምንበላው ከዚህ ማዕድን ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ቁጭ ብለን ልንሰማቸው ይገባል። መንገድ ላይ ሬንዲር ሲያጋጥማችሁ ፍጥነት ቀንሱ። ከገጫችሁ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

"ነገ ለምሄድበት ከተማ ምን አደክመኝ?" የሚለኝም አለ። ከተማዋ ራሷ እየሄደች እኮ ነው። ማዕድኑ ሲወጣ ከላይ ያለው አለት ይናዳል፣ ስንጥቁም ወደ ቤቶቹ ይጠጋል። ስለዚህ ከተማው መዛወር እንዳለበት በ2004 ተነገረ። አዲሱ መሐል ከተማ በሴፕቴምበር 2022 ተመረቀ። በኦገስት 2025 ደግሞ በ1912 የተሠራውን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን፣ 672 ቶን የሚመዝነውን፣ ሳያፈርሱ በመንኮራኩር ላይ ጭነው በሁለት ቀን 5 ኪሎ ሜትር ወሰዱት። ሺዎች መንገድ ዳር ቆመው ሸኙት። የድሮ ሰፈራቸው የፈረሰባቸው አዛውንቶች አሉ፣ ያደጉበት ቤት ዛሬ አጥር ውስጥ የገባባቸው አሉ። እነዚህ ሰዎች ቤታቸው እንደሚነሳ እያወቁ ለዓመታት አበባ ተክለዋል፣ አጥር ቀብተዋል፣ ልጅ ድረዋል። እናንተም ሁለት ዓመት ብቻ ብትቆዩ፣ ሁለት ዓመት ከዕድሜያችሁ ነው፤ ማንም መልሶ አይሰጣችሁም።

ለመምጣት ከወሰናችሁ በኖቬምበር አትምጡ። ኦገስት ላይ ኑ። ቤት ከመውረዳችሁ በፊት ፈልጉ፣ ከተማው እየተዛወረ ስለሆነ ኪራይ በቀላሉ አይገኝም። ለስደተኞች በነፃ የሚሰጠው የስዊድንኛ ትምህርት በመኸር ሲጀምር ትደርሳላችሁ። ከጎረቤት ጋር ፍሬ ለቅማችሁ፣ መንገዱን በብርሃን አውቃችሁ፣ የሚጠራችሁና የምትጠሩት ሁለት ሦስት ሰው ይዛችሁ ዲሴምበር ይደርስባችኋል። ስትደርሱ ደውሉልኝ፣ ሱፉን የት እንደምትገዙ አሳያችኋለሁ።